አትንካው የተባለው ካምቢዮ

ስሙማ! ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ፤ እኔም ከሥሩ ልጀምርላችሁ። እንጅባራ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ከሚያልፈው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ፣ በቀርከሃ የታጠረ ግቢ አለ። የግቢው ጌታ ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ መምህር ናቸው። ባለቤታቸው ድንቹንና ጎመኑን ይንከባከባሉ፤ እሳቸው ፕራዶዋን።

ፕራዶ ስላችሁ ደግሞ መስታወቷ የጠቆረውን፣ ባለሥልጣን የሚወርድባትን አታስቡብኝ። ይቺኛዋ ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2002 ካመረተው ትውልድ የሆነች፣ ባለ ሦስት ሊትር የናፍጣ ሞተር፣ ጎኗ የተላላጠ፣ ግን ጭቃ የማትፈራ አሮጊት ናት። ካምቢዮዋ አውቶማቲክ ነው። ድሮ የአንድ እርዳታ ድርጅት ንብረት ነበረች፤ በጨረታ ወጥታ፣ ከእጅ ወደ እጅ ዞራ፣ መጨረሻ ላይ መምህሩ ደጅ ቆመች።

«አሮጊት ከሆነች ለምን ሸጠው አይገላገሏትም?» የሚል አይጠፋም። ሸጦ ምን ሊገዛ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ደግሞ መንግሥት ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር የቤት መኪና አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለችው አሮጌ መኪና ዋጋዋ ከዕድሜዋ ጋር ማደግ ያዘ። የኤሌክትሪኳ ደግሞ መብራት በሚጠፋበት፣ ክረምቱ መንገዱን አረንቋ በሚያደርግበት በባንጃና በጓንጓ ገጠር እንዴት እንደምትዘልቅ ወደፊት እናያለን። ለጊዜው ያለችዋን ጠብቆ መያዝ ነው።

እንግዲህ ወሬው የሚጀምረው በጥር ነው። ጥር 23 እንጅባራ ምን እንደምትመስል ለአዊ ሰው መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው፤ ለሩቁ ግን ልበል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። በየዓመቱ በዚህ ቀን ዓድዋ ላይ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ያስባል፤ ዕለቱም የጊዮርጊስ ነው። በዚያ ቀን ሜዳው በፈረስ ይሞላል፤ ከተማው በእንግዳ። መምህሩም ከዳንግላና ከቻግኒ የሚያመላልሷቸው ዘመዶች ነበሯቸው።

ፕራዶዋ ግን ሰሞኑን አመል አውጥታለች። ጠዋት ሞተሩ ተነሥቶ፣ ማርሹ ከ«ፒ» ወደ «ዲ» ሲገባ፣ እንደ ወትሮዋ ወዲያው አትይዝም። ትንሽ ታስባለች፤ ከዚያ ዱብ ብላ ትነሣለች። መምህሩ ኮፈኑን ከፍተው የካምቢዮውን የዘይት መለኪያ ዘንግ መዘዙና ነጭ ሶፍት ላይ ጠረጉት። ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት ቡናማ ሆኗል።

እዚህ ላይ ጎረቤትየው ይገባሉ። በባሕር ዳር መስመር ሚኒባስ ሲነዱ የኖሩ፣ ጎማ ሲነፋ ከድምፁ ስንት እንደያዘ የሚያውቁ ሹፌር ናቸው። ዘንጉን አዩት፣ አሸተቱት፤ ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው እንዲህ አሉ፦

«መምህር፣ በጊዮርጊስ ይዤዎታለሁ አይንኩት! ያረጀ አውቶማቲክ ዘይቱ ከተቀየረ ይሞታል። ቻግኒ ላይ አንድ ሰው የቪታራውን ቀየረ፤ ሳምንት አልቆየችም፤ አይሱዙ ጎትቷት ነው የገባችው።»

ይህን ነገር እናንተም ሰምታችሁታል፤ አልሰማሁም እንዳትሉኝ። ከሶማሌ ተራ ዕቃ ሻጭ እስከ አሜሪካ ጋራዥ ድረስ የሚነገር ወሬ ነው። ወሬ ነው ብዬ ግን አልንቀውም፤ ውስጡ እውነት አለበት፤ እውነቱ የተቀመጠው ግን ሹፌሩ ባሉበት ቦታ አይደለም። ቀስ ብለን እንደርስበታለን።

መምህሩ ለዳንግላ ደወሉ። የእህታቸው ልጅ እዚያ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። ዳንግላን ካነሣሁ አይቀር፦ ሜጀር ቺስማን የሚባል የእንግሊዝ ቆንስል እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 መቀመጫው ዳንግላ ነበረች፤ ከዚያ እየተነሣ የአባይን ሸለቆ የዞረው በበቅሎ ነው። ዘይቷን የሚቀይርላት አልፈለገችም፤ ገብስ ብቻ። ዛሬ ከዳንግላ እንጅባራ በሚኒባስ ቁርስ ሳይረፍድ ይደረሳል፤ ልጁም በመዳበሪያ ከረጢት ቁልፎቹን ይዞ ከች አለ።

«እንደምን አደሩ አጎቴ። የት አለች?»

«ደኅና ነህ ልጄ? መጀመሪያ ቡና ጠጣ።»

ቡናው ሲፈላ ሹፌሩም መጡ፤ ክርክሩም ተነሣ። ልጁ መሬት ላይ በእንጨት እየሳለ አስረዳ። እኔ ደግሞ ባጭሩ ልንገራችሁ። በማንዋል መኪና ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ነው፤ በእግር ይረገጣል። በአውቶማቲክ ግን መሐሉ ላይ ቶርክ ኮንቨርተር አለ፤ ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት ባለ ክንፍ መሽከርከሪያዎች በዘይት ተሞልተው። አንዱን ሞተሩ ያዞረዋል፤ የተገፋው ዘይት ሁለተኛውን ያዞራል። ብረት ከብረት ሳይነካካ ጉልበት የሚያልፈው በዘይቱ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲያ ደግሞ በወረቀት መሰል ነገር የተለበጡ ቀጫጭን የፍሪሲዮን ሸራዎች አሉ፤ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር የሚያጣብቃቸው የዚያው ዘይት ግፊት ነው። ያው ዘይት ያለሰልሳል፣ ሙቀቱን ተሸክሞ በራዲያተሩ በኩል ያበርዳል፣ የተፋቀውን ዱቄት ይዞ ማጣሪያው ላይ ያራግፋል። የሞተር ዘይት ይህን ሁሉ ሥራ አይሠራም።

የሚገድለው ሙቀት ነው። ከጎሃ ጽዮን ወርዶ የአባይን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ደጀን መውጣት ማለት፣ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ ያህል መልሶ መውጣት ነው። ጭነት ይዞ በዝግታ ሽቅብ ሲወጣ ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ይናጣል፤ ይግላል። በጋለ ቁጥር ይቀጥናል፤ የተቀላቀለበት መድኃኒት ያልቃል፤ ቀለሙ ይጠቁራል። ይህች ፕራዶ በእርዳታ ድርጅቱ እጅ ሳለች ያን መንገድ ስንቴ እንደተመላለሰችበት እግዚአብሔር ይወቅ።

«ፋብሪካው ዕድሜ ልክ አይቀየርም ይላል አሉ» አሉ ሹፌሩ።

ልጁ ሳቀ። «የማን ዕድሜ ልክ?»

ጥያቄው ቀልድ አይምሰላችሁ። ለብዙ የአውሮፓ መኪኖች ካምቢዮ የሚሠራው የጀርመኑ ዜድ ኤፍ፣ መኪና ሻጮቹ «አይቀየርም» የሚሉትን ዘይት ራሱ ከ80 ሺህ እስከ 120 ሺህ ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ፣ ወይም በስምንት ዓመት ቀይሩት ይላል። ካምቢዮውን የሠራው እንዲህ ሲል፣ መኪናውን የሸጠው ሌላ ይላል። እኔ የምሰማው የሠራውን ነው።

አሁን ወደ ዘይቱ ምርጫ። አሮጌ ቶዮታ አንድ ደግነት አላት፦ የምትፈልገውን ዘይት በመለኪያ ዘንጓ ላይ አስቀርጻ ትኖራለች። ልጁ ዘንጉን ወደ ብርሃን አዙሮ አነበበው፤ ዴክስሮን 2 ወይም 3። ከተማ ወርደው ሲጠይቁ ባለሱቁ «ለቶዮታ ይኸኛው ይሻላል» ብሎ ደብሊው ኤስ የሚባለውን አወጣ። ልጁ እንቢ አለ። ደብሊው ኤስ የኋለኞቹ፣ ዘንግ እንኳ የሌላቸው ካምቢዮዎች ዘይት ነው፤ የቀጠነ ነው፤ «ለቶዮታ» መባሉ ብቻ ለሁሉም ቶዮታ አያደርገውም። ሌላም ነገር አለ። ጀነራል ሞተርስ ለዴክስሮን 3 ፈቃድ መስጠቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2006 ማብቂያ ነው። ዛሬ ጠርሙሱ ላይ ዴክስሮን 3 የሚል ቢጻፍ፣ ለጥራቱ የሚጠየቀው ዘይቱን የቀመመው ድርጅት ብቻ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ስሙ የታወቀ፣ ክዳኑ ያልተነካካ፣ ከሚታመን ሱቅ። ርካሹን ገዝቶ ካምቢዮ ከማረድ ትንሽ ጨምሮ መግዛት።

ዘይት ካልን አይቀር፣ ይህን ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። ጀነራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ የሚባለውን፣ በብዛት የተሸጠውን የመጀመሪያ አውቶማቲክ ካምቢዮ እ.ኤ.አ. በ1939 ነው ያወጣው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዘመናት የካምቢዮው ዘይት ውስጥ ምን ይጨመር እንደነበር ታውቃላችሁ? የዓሣ ነባሪ ዘይት! ሸራዎቹ ሳይንቋቁ እንዲያያዙ የሚያደርግ፣ ሙቀት የሚችል ነገር ስለነበር። አሜሪካ እስከ እ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ትጠቀምበት ነበር፤ ዓሣ ነባሪው እንዳይጠፋ በሕግ ሲከለከል ኬሚስቶች በቤተ ሙከራ ምትኩን ለመፈለግ ተሯሯጡ። መምህሩ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ፤ የሙያቸው ነገር ነዋ። ሹፌሩ ግን «በጾም መንዳት አይቻልም ነበር በሉኛ» ብለው ቡናቸውን ፉት አሉ።

ሥራው ተጀመረ። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቆሟት፤ የእጅ ፍሬን ተያዘ፤ ጎማዎቹ በድንጋይ ተወተፉ። ፕራዶ ከፍ ያለች ስለሆነች ልጁ ክሪክ ሳያስፈልገው ከሥሯ ገባ፤ ይኸውም በረከት ነው። ዝቅ ያለች መኪና ያላችሁ ግን አንድ ነገር ስሙኝ፦ በክሪክ ብቻ ከቆመች መኪና ሥር አትግቡ። የብረት መደገፊያ ከሌላችሁ ጋራዥ ውሰዷት። በዚህ ቀልድ የለም።

ሞተሩ ትንሽ ሞቅ እንዲል ተደርጎ ጠፋ። ልጁ በ14 ቁልፍ የማፍሰሻውን ብሎን ከመንካቱ በፊት ሁለት ጊዜ አረጋገጠ፤ ከጎኑ ያለው የፎር ዊሉ ማርሽ ሳጥን የራሱ ማፍሰሻ፣ የራሱም ወፍራም ዘይት አለውና። አንዱን ለመቀየር ወርዶ ሌላውን ያፈሰሰ ስንት አለ! ዘንግ የሌለው ካምቢዮ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ነበረው፦ የመሙያው ብሎን መከፈቱን ሳታዩ የማፍሰሻውን አትክፈቱ። ካፈሰሳችሁ በኋላ መሙያው ዝጎ እንቢ ቢላችሁ፣ መኪናችሁ ባለችበት ቀረች።

ዘይቱ ሳፋ ላይ ወረደ። ሲያልቅ ልጁ በሃይላንድ ጠርሙስ ለካው፤ ሁለት ሊትር ገደማ። ሹፌሩ «ይኸው ነው?» አሉ። ይኸው ነው። በዚህ ካምቢዮ ውስጥ በጠቅላላው ወደ አሥር ሊትር ዘይት አለ፤ የሚበዛው ኮንቨርተሩና ቱቦዎቹ ውስጥ ተደብቆ ስለሚቀር በማፍሰሻው የሚወጣው አንድ አምስተኛው ብቻ ነው። የወጣውን መለካት የሥራው ግማሽ ነው፤ የሚገባው የወጣውን ያህል ነውና።

ቀጥሎ የሥረኛው ሳህን፣ መካኒኮቹ ኮፓ የሚሉት፣ ብሎን በብሎን ተፈታ። ታቹ ላይ ትንንሽ ማግኔቶች ተቀምጠዋል። ሁሉም አንገታቸውን አስግገው ያዩት እነሱን ነው። ግራጫ፣ እንደ ቅባት የላመ ዝቃጭ ይዘዋል። ልጁ በጣቱ አሻሸው፤ የሚቆረቁር ነገር የለም። «ይኼ ዕድሜ ነው፤ በሽታ አይደለም» አለ። የብረት ስባሪ ወይም የሚያብለጨልጭ መላጫ ቢኖር ወሬው ሌላ ይሆን ነበር። ወደ ነጭ ሮዝ የደፈረሰ ዘይት ቢወጣ ደግሞ የራዲያተሩ ውሃ ከካምቢዮው ዘይት ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ዘይት መቀየር ብቻውን ዋጋ የለውም፤ መጀመሪያ ራዲያተሩ ነው።

የሽቦ ማጣሪያው ታጥቦ ደረቀ፤ ማግኔቶቹ ተጠረጉ። ጨርቁ ክሩ የማይነቀል መሆን አለበት፤ አንዲት ብጣሽ ክር እነዚያ ጠባብ የዘይት መንገዶች ውስጥ ገብታ ማርሽ ታስቀራለች። ጋስኬቱ ላይ ሲሊኮን እየለቀለቁ የሚያጠግቡትን አይቻለሁ፤ የተረፈው ወደ ውስጥ ይረግፍና ማጣሪያውን ይደፍነዋል። ብሎኖቹ ደግሞ ጉልበት አይወዱም። ቶዮታ የሚጠይቃቸው ሰባት ኒውተን ሜትር ያህል ነው፤ ቁልፉን አጭር ይዞ በእጅ አንጓ ብቻ ማጥበቅ እንደማለት። ጎረምሳ አፋጥጦ ካጠበቀው የሳህኑ ጠርዝ ይጎብጥና ለዘላለም ያንጠባጥባል። ልጁ በመስቀለኛ እየዘለለ ጥቂት በጥቂት አጠበቀ። ሹፌሩ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ በልጁ ሥራ ራሳቸውን ነቀነቁ።

አዲሱ ዘይት በቀጭን ቱቦና በማንቆርቆሪያ በዘንጉ ቀዳዳ ገባ። አቤት ቀለሙ! ቀይ ያደረጉት የፈሰሰው የካምቢዮ መሆኑ ከሞተር ዘይት እንዲለይ ነው። ሞተሩ ተነሣ፤ ልጁ ፍሬን ረግጦ ማርሹን ከ«ፒ» እስከ «ኤል» አንድ በአንድ እያሳረፈ ወስዶ መለሰው። ከዚያ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ለካ። ልብ በሉ፣ የሞተር ዘይት የሚለካው ጠፍቶ ነው፤ የዚህ ግን እየሠራ ነው። ዘንጉም ሁለት ምልክት አለው፦ አንዱ ለቀዝቃዛ፣ አንዱ ለሙቅ። የሚታመነው የሙቁ ነው፤ ዘይቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሲደርስ። እንጅባራ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ የጥር ጠዋቷ ጣት ያደነዝዛል፤ ቆሞ በማሞቅ ብቻ እዚያ አይደረስም። ለአገው ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ፈረስ ኮርቻ ሲጫንበት ሆዱን ይነፋል፤ ዐዋቂ ጋላቢ ጥቂት ካራመደው በኋላ ነው የሆዱን ጠፍር እንደገና የሚያጠብቀው። እነሱም ፕራዶዋን እስከ ዘንገና ሐይቅ ወስደው መለሷትና እንደገና ለኩ። ጥቂት ጎደለ፤ ጥቂት ጨመሩ። አብዝቶ መሙላትም ጥፋት ነው፤ ዘይቱ እየተናጠ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ግፊት አይሸከምም።

ይህን ጊዜ መምህሩ ጠመኔ አውጥተው በብረት በሩ ላይ ይጽፉ ጀመር። ከአሥር ሊትር ሁለቱ ከተቀየረ 20 በመቶ አዲስ። ጥቂት ከተነዳች በኋላ ሁለት ሊትር እንደገና ቢቀየር፣ ከሚወጣው ውስጥ አዲሱም ስላለበት 40 ሳይሆን 36 በመቶ። ለሦስተኛ ጊዜ 49። ለአራተኛ 59።

«ታዲያ አራቴ ተለፍቶም ወደ ግማሽ የሚጠጋው አሮጌ ነው!» አሉ ሹፌሩ።

«እሱን ነው የምንፈልገው፣ ጋሼ» አለ ልጁ። «በማሽን ገፍቶ ሁሉንም ባንዴ ማጠብ ይቻላል። ላረጀና ታሪኩ ለማይታወቅ ካምቢዮ ግን አልወድም። ጥግ ጥግ የተኛውን ዝቃጭ ይቀሰቅሰዋል። ጥቂት በጥቂት ይልመደው።» መካኒኮች በዚህ ላይ አይስማሙም፤ ማሽኑን የሚምሉበትም አሉ። እኔ ግን ከልጁ ጋር ነኝ።

ከዚያ ልጁ እጁን እየጠረገ ቀስ ብሎ ጠየቀ፦ «ያቺ የቻግኒዋ ቪታራ፣ ጋሼ፣ ዘይቷን ለምን ነበር የቀየሩት?»

«እንቢ ብላ ነዋ! ቤንዚን ስትረግጥ ሞተሩ ይጮኻል፤ መኪናዋ አትሄድም። ዘይቱም የተቃጠለ ቆዳ ይሸት ነበር።»

ልጁ ዝም አለ። መምህሩም ዝም አሉ። ሹፌሩ ራሳቸው የተናገሩትን ደግመው ሰሙት መሰል፣ «እህ» አሉ።

«ሬሳ ነው ያጠቡት» አለ ልጁ።

እውነቱ የተቀመጠው እዚህ ነው። ሰው ካምቢዮው ደኅና ሳለ ዘይቱን አያስታውሰውም። ሸራው አልቆ መንሸራተት ሲጀምር ነው «እስቲ ዘይት እንቀይር» የሚለው። በዚያን ጊዜ አሮጌው ዘይት በውስጡ የተንሳፈፈው የሸራ ዱቄት ስላለ ትንሽ ቆንጠጥ ያደርግ ይሆናል፤ ንጹሑ ሲገባ ያቺም ትሄዳለች። ካምቢዮው ይቆማል፤ ወቀሳው አዲሱ ዘይት ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የሚንሸራተትና የተቃጠለ የሚሸት ከሆነ ሹፌሩ ልክ ናቸው፤ አትንኩት፤ ገንዘቡን ለእድሳቱ አጠራቅሙ። ቡናማ ሆኖ ነገር ግን ማርሹን አጥብቆ የሚይዝ ከሆነ ግን «አትንካው» ማለት እስኪሞት ጠብቅ ማለት ነው።

የወጣው ዘይት በጄሪካን ተጠራቀመ። የታችኛው ጎረቤት ለአጥር ቋሚ፣ ለምስጥ ብለው ለመኑና ወሰዱት። ቦይ ውስጥ ከመድፋት ይሻላል፤ የእንጅባራ ቦይ ውሃ መጨረሻው አባይ ነው።

ጥር 23 መጣ፤ ፈረሱ ጋለበ፤ እንግዳው በላ፤ ጠጣ። ፕራዶዋ ከዳንግላም ከቻግኒም ሰው ስታመላልስ ዋለች። ከበዓሉ በኋላ ልጁ ተመልሶ መጥቶ ሁለተኛውን ቀየረ፤ ቀጥሎም ሦስተኛውን። አሁን ማርሽ ሲገባ ወዲያው ትይዛለች። ብርድ በጠና ጠዋት ከሁለት ወደ ሦስት ስትሻገር ግን ያቺ ትንሽ ድንግጥ የምትለው አልጠፋችም። ልጁ «ይቺ የሸራው እርጅና ናት፤ ዘይት አይመልሳትም» ብሏል። መምህሩም ኪሎ ሜትሩን በደብተር ጽፈው ዳሽቦርዱ ውስጥ አኖሩት።

ሹፌሩ ያችን ድንግጥ አንድ ጠዋት ከጎን ተቀምጠው አዩዋት። «ታዲያ ምን ጠቀመ?» አሉ።

«መንገዱ ክፍት ከሆነ ለፋሲካ አዲስ አበባ እወርዳለሁ» አሉ መምህሩ። «አባይ በረሃን ወጥቼ ጎሃ ጽዮን ስደርስ እደውልልሃለሁ።»

«ካልደወሉ ገመድ ይዤ እመጣለሁ።»

«ስትመጣ ዴክስሮንም ያዝ፤ አራተኛው ቀርቶናል።»